የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የጡት ካንሰር፦ ታሞክሲፈን ለምትወስድ ሰው መስጠት ይቻላል?

ቀበና ጻፈች፦

ጤና ይስጥልን። አክስቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ጨርሳ አሁን በየቀኑ ታሞክሲፈን የሚባለውን ኪኒን ትውጣለች። ሰሞኑን ልትጠይቃት የመጣች ዘመዳችን አንድ ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዛላት መጣችና «ጠዋት በባዶ ሆድሽ አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ፤ ኪኒኑን ቀስ በቀስ ትተይዋለሽ» አለቻት። በቴሌግራም የሚዞር ቪዲዮም ላከችልን። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በማይክሮስኮፕ ሥር ሴሎች ሲኮማተሩና ሲሞቱ እያሳየ «በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ቲሞኪኖን የካንሰርን ሴል እየመረጠ ይገድላል» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ሳይ ስለ ቲሞኪኖን የተጻፈው ጥናት ብዛቱ ለጉድ ነው።

አክስቴ ኪኒኑ ድንገት ሙቀት እየለቀቀባት፣ ሌሊት በላብ እየነከራት ተማራለች። ዘይቱን ግን ወዳዋለች። ልከልክላት እንዳልል ምን ብዬ? ዝም እንዳልልም ፈራሁ። ይሄ ነገር እውነት ካንሰር ላይ ይሠራል? ከታሞክሲፈን ጋርስ ይስማማል?

ፋርማሲስት_ሐዋሳ ጻፈ፦

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልነሣ፤ እሱ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ታሞክሲፈን ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው። እዚያ ያሉ ኢንዛይሞች ኢንዶክሲፈን ወደሚባል ነገር ይቀይሩታል፤ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ዕጢውን እንዳያነሣሣ በብርቱ የሚከላከለውም ይኼ ኢንዶክሲፈን ነው። ለውጡን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ዋናው ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ይህንኑ ኢንዛይም፣ ከእሱም ጋር ሲዋይፒ 3ኤ4 የሚባለውን፣ ሲያዳክም ታይቷል። ሙከራው የተሠራው ዴክስትሮሜቶርፋን በሚባል የሳል መድኃኒት ስለሆነ «ዘይቱ ታሞክሲፈንን ያከሽፋል» ብዬ አልደመድምም። ነገር ግን በዚሁ ኢንዛይም ምክንያት ታሞክሲፈን ለምትወስድ ሴት ፓሮክሰቲንና ፍሉኦክሰቲን የሚባሉትን የድብርት መድኃኒቶች እንዳይታዘዙ እንጠነቀቃለን። ለኪኒን የምናደርገውን ጥንቃቄ ለዘይት የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም።

«ኪኒኑን ትተይዋለሽ» ያለችው ዘመድ ምን እያስተወቻት እንደሆነ ትወቅ። ዕጢው ሆርሞን ተቀባይ (ኤስትሮጅን የሚያነሣሣው ዓይነት) ከሆነ፣ ታሞክሲፈንን 5 ዓመት በአግባቡ መውሰድ በጡት ካንሰር የመሞትን አደጋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ይህ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ለ15 ዓመት ያህል ተከታትለው ያዩት ነገር ነው። በጥቁር አዝሙድ ላይ እንዲህ ያለ ውጤት የለም።

ሙቀቱና ላቡ መፍትሔ አለው። ታሞክሲፈኑን ብዙ ሳይነኩ ሙቀቱን የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ለምሳሌ ቬንላፋክሲን። ግን አክስትሽ ካልተናገረች ሐኪሟ ሊያውቅ አይችልም። ለቀጠሮዋ ስትሄድ መጀመሪያ የምታነሣው ይህን ይሁን።

ላብ_ኮት ጻፈ፦

እኔ የተክል ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ቪዲዮው ውስጥ ያየሽው እውነተኛ ነው። ቲሞኪኖን በላብራቶሪ ሳህን ውስጥ የጡት፣ የአንጀት፣ የጣፊያ፣ የደም ካንሰር ሴሎችን ይገድላል። ሴሉ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ የሚያደርጉትን መንገዶች ይቀሰቅሳል፣ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባለውን የብግነት መቆጣጠሪያ ያፍናል፤ አይጥ ላይም ዕጢ አሳንሷል። ይህ ሁሉ ተደጋግሞ ታይቷል። ችግሩ የሚመጣው ከሳህኑ ወደ ማንኪያው ስንሻገር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ሢሶው ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ተራ ቅባት ነው። ጠረን የሚሰጠው ተናኝ ዘይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 1 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ ተናኝ ዘይት ውስጥ ደግሞ ቲሞኪኖን እንደ ፍሬው ቢለያይም አንድ ሦስተኛ ገደማ ብለን እንያዝ፤ የቀረው ፓራ ሳይሚን፣ ካርቫክሮልና ሌሎችም ናቸው። አንድ የሻይ ማንኪያ ፍሬ 3 ግራም ቢመዝን ተናኝ ዘይቱ 30 ሚሊግራም፣ ቲሞኪኖኑ 10 ሚሊግራም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ። ሴሎቹ የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) በሚሆን ክምችት ነው። መካከሉን 50ን እንያዝ፤ ይህ በአንድ ሊትር 8 ሚሊግራም ይሆናል። በ5 ሊትር ደም ውስጥ ይህን ለማግኘት 40 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ መገኘት አለበት፤ ምንም ሳይባክን፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይሰራጭ። በሰውነት ውኃ ሁሉ፣ በ40 ሊትር ገደማ፣ ከተሰራጨ ከ300 ሚሊግራም በላይ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ቲሞኪኖን በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፣ ብርሃን ያበላሸዋል፣ ደም ውስጥ ሲገባም አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሳህን ላይ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ደም ውስጥ ካለው በጣም ያነሰ ነው፤ ሴሎቹም ለአንድና ለሁለት ቀን በመድኃኒቱ ተነክረው ይቆያሉ።

ሰው ላይስ አልተሞከረም ወይ ብትይ፣ ተሞክሯል። ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። መደበኛው ሕክምና ያልበጃቸው 21 የካንሰር ታካሚዎች ንጹሕ ቲሞኪኖን በአፍ ወሰዱ፤ የመነሻ መጠኑ በቀን እስከ 10 ሚሊግራም በኪሎ ነበር። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊግራም ነው፤ በእኔ ስሌት 60 የሻይ ማንኪያ ፍሬ። መድኃኒቱ ብዙም አልጎዳቸውም፤ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ዕጢ ላይ ግን ምንም ለውጥ አልታየም። ታካሚዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የወሰዱትም ለጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ጉዳዩን ይዘጋዋል አልልም። ቪዲዮው ላይ ግን ይህ ጥናት አልተነሣም።

ወይና_ደጋ ጻፈ፦

ሁላችሁም የተማራችሁ ናችሁ፣ አከብራችኋለሁ። ነገር ግን አያቶቻችን የኖሩበትን መድኃኒት በአንድ ሙከራ መጣል ልክ አይመስለኝም። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥረው አሽተውን ከጉንፋን ያዳኑን እናቶች ላብራቶሪ አልነበራቸውም። ከተክል የሚገኝ ነገር በስም ስለማይመዘገብና ትርፍ ስለሌለው ትልልቆቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች ገንዘብ አያወጡበትም፤ ስለዚህ ጥናቱ እዚያው ሳህን ላይ ይቀራል። የኛ ሐኪሞችም «ቅጠል ጠጣሁ» ሲባሉ ፊታቸውን ነው የሚያዞሩት። ሰው ቢደብቃቸው ይፈረድበታል?

ላብ_ኮት ጻፈ፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻው ነገርህ ልክ ነው፤ ሰው የሚደብቀው ስለሚቆጡት ነው። ስለ ኩባንያዎቹ ግን ከራሳችን አገር የተነሣ ታሪክ ልንገርህ።

አጣጥን ታውቀዋለህ፤ እሾሃማው ቁጥቋጦ። ከእሱ ወገን የሆነ ተክል እ.ኤ.አ. በ1962 ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ ወደ አሜሪካ ተላከ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከመላው ዓለም ተክል እያሰባሰበ ያስመረምር ነበር። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሞሪስ ኩፕቻን ከባልደረቦቹ ጋር ውስጡን ሲፈትሽ ሜይታንሲን የሚባል ነገር አወጣና በ1972 አሳተመው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘው ከአንድ ሚሊግራም ያነሰ ነበር፤ የካንሰር ሴል ለመግደል ግን በናኖሞላር (በማይክሮሞላር ሺኛ) የሚለካ ክምችት በቂው ነበር። ከላይ ካሰላሁት የቲሞኪኖን መጠን ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል።

ይህን ያህል ኃይለኛ የሆነውን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሰው ሰጡት። አልሆነም። ዕጢውን ሳያጠፋ ታካሚውን ጎዳው፤ ነርቭ፣ አንጀት፣ ጉበት ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ፤ ተጣለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሞለኪሉን ጥቂት ለውጠው፣ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛውን ሄር 2 የሚባል ምልክት እየፈለገ ከሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት። ፀረ እንግዳ አካሉ የካንሰሩን ሴል ያገኝለታል፤ መርዙ የሚፈታው ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ፤ ካድሲላ ብለው የሚሸጡት ነው። መነሻውን የሚያመርቱት ዛሬ ከተክሉ ሳይሆን ከባክቴሪያ ነው።

ከአገራችን ቁጥቋጦ እስከ ጠርሙሱ 50 ዓመት ገደማ ፈጀ። ኩባንያዎቹ ተክል ነው ብለው አልናቁትም፤ ገንዘብም አፈሰሱበት። ቪንክሪስቲንም፣ ፓክሊታክሰልም የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ከተክል ናቸው፤ አክስቷ የወሰደችው ኬሞ ውስጥ ፓክሊታክሰል ሳይኖርበት አይቀርም። ስለዚህ ክርክሩ የቅጠልና የፋብሪካ አይደለም። አንድ ሰው አጣጥ ሥር ሄዶ ቅርፊቱን ቀቅሎ ለጡት ካንሰር ቢጠጣ ግን አይድንበትም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ልጨምር። ቲሞኪኖን ኪኖን ከሚባሉት ወገን ነው፤ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ የመነካካት ባሕርይ አላቸው። ስለዚህ ሳህን ላይ በብዙ ዓይነት ፈተና «ሠራ» የሚል አሳሳች ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። በጥናት ብዛት የሚደነቅ ሰው ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ። ሺህ ጥናት ሳህን ላይ ብቻ ከሆነ አንዱን ጥያቄ ሺህ ጊዜ መመለስ ነው።

ኡሙ_ሐናን_ጅዳ ጻፈች፦

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ጅዳ ነው የምኖረው፤ እዚህ ሐበቱ ሰውዳ (ጥቁር አዝሙድ) ያልገባበት ቤት የለም። ከሞት በቀር ለሁሉ ፈውስ እንዳለበት በሐዲስ የተነገረለት ነው፤ እኔም አምኜ ነው የምወስደው። ይህን የምጽፈው ለክርክር አይደለም፤ ሲስተሮቹና ሐኪሞቹ እምነታችንን ሳይነኩ እንዲያስረዱን ነው። ካንሰር ይዞት ኬሞ ላይ ያለ ሰው ፍሬውን በትንሹ ቢወስድ ጥቅም የለውም? ጉዳቱን ብቻ ነው የነገራችሁን።

ላብ_ኮት ጻፈ፦

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው። አዎ፣ ጥቅም ያሳየ ጥናት አለ፤ ግን ዕጢን በመግደል አይደለም። ግብፅ ውስጥ በአንጎል ዕጢ የሚታከሙ 80 ሕፃናት ተከፍለው ግማሾቹ ከሕክምናቸው ጋር በቀን 5 ግራም የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ተሰጣቸው። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ሲያወርድ የሚመጣው አደገኛ ትኩሳት ፍሬውን በወሰዱት ላይ ቀንሶ ታየ። ልብ በይ፣ ኬሞው አልቀረባቸውም፤ የሰጡትም በሐኪም ክትትል ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በሌላ ቦታ፣ በብዙ ታካሚ ላይ ቢደገም ደስ ይለኛል። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ በኩል ነው፦ ሕክምናውን እንዲችሉት ማገዝ።

ሲስተር_ጡረታ ጻፈች፦

ልጆቼ፣ በካንሰር ክፍል ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። አገሪቱ በሙሉ ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ብቻ ትመጣ የነበረበትን ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ወረፋው ስንት ወር እንደሚያስጠብቅም። ሰው በዚያ መሐል ዘይትም ጠበልም ቢይዝ አልፈርድበትም።

የምነግራችሁ ስላየሁት ነው። አንዲት የጎረምሳ እናት መጀመሪያ ስትመጣ ዕጢዋ የሽንብራ ፍሬ ታህል ነበር፤ በጣት ስትነካው ይንሸራተታል። ቀዶ ጥገና ተባለ፤ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ስትመጣ ነጠላዋን ደራርባ ደረቷን በጨርቅ ጠፍራ ነበር። ጨርቁን በሞቀ ውኃ እያራስኩ ስፈታው ከሥሩ ዘይት የጠጣ ጥጥ ወጣ፤ ቆዳው ፈንድቷል፣ ብብቷ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ድንጋይ ሆነዋል። «ዘይቱ እያወጣው ነው ብለውኝ» አለችኝ። ቁስሉ መፈንዳቱን በሽታው መውጣቱ ነው ብለው ነግረዋት ነበር። ልጆቼ፣ የጡት ዕጢ ሲፈነዳ እየባሰ ነው እንጂ እየወጣ አይደለም። ይህን ለእናቶቻችሁ ንገሩልኝ።

በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ሊድን የሚችል የጡት ካንሰር ይዟቸው መደበኛውን ሕክምና ትተው በአማራጩ ብቻ የታከሙ ሴቶች የመሞት አደጋቸው ከ5 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። እኔ በክፍሌ ያየሁትም ከዚህ አይርቅም።

ቀበና፣ አክስትሽን አትከልክያት፤ ጠርሙሱን ይዘሽ አብረሻት ሂጂና ሐኪሙ ፊት አስቀምጪው። ብዙ ሐኪም ዕቃውን ሲያየው በቁም ነገር ይጠይቃል።

ቀበና ጻፈች፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፋርማሲስቱን መልስ አነበብኩላት፤ እስከ ቀጠሮዋ ዘይቱን ልታቆየው ተስማማች። አሁን ደግሞ «እንግዲህ ወጡም ዳቦውም ሊቀርብኝ ነው?» ትላለች። ቅቤ ስታነጥር፣ ድፎ ስትጋግር ጥቁር አዝሙድ ሳታስገባ አይሆንላትም። ጦስኝ ሻይም ትጠጣለች።

ፋርማሲስት_ሐዋሳ ጻፈ፦

ወጡንም ዳቦውንም በደስታ ትብላ። በምግብ ውስጥ የሚገባው መጠን ትንሽ ነው፤ ሲጋገርና ሲነጠርም ተናኙ ክፍል ብዙው በንኖ ይሄዳል። የምንጠነቀቀው በማንኪያ፣ በየቀኑ፣ እንደ መድኃኒት ለሚወሰደው ዘይትና ለእንክብሉ ነው።

ስለ ዘይቱ ራሱ አንድ ነገር፦ በገበያ ላይ «የጥቁር አዝሙድ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ተጨምቆ የወጣ ቅባት ነው፤ በእንፋሎት ተለይቶ የሚወጣው ተናኝ ዘይት ሌላ ነው። በተጨመቀው ውስጥ ያለው የቲሞኪኖን መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ እጅግ ይለያያል። በሌላ ርካሽ ዘይት የተበረዘም አለ። በነጭ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ የከረመ ከሆነ ደግሞ የቀረው ምን እንደሆነ ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም። ቪዲዮው ላይ ሴሎቹን የገደለው ግን ንጹሕ ሆኖ የተገዛ ቢጫ ክሪስታል ነው። አክስትሽ እጅ ያለው እሱ አይደለም።

የመንዝ_ሰው ጻፈ፦

ጦስኝ የኛ ጋራ ሀብት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከጣርማ በር ጀምሮ በመንዝ ጋራ መሬት ለመሬት ተነጥፎ ታገኙታላችሁ፤ በባሌም በሰሜን ተራሮችም እንዲሁ። በሽሮም በሻይም እንጠቀምበታለን፣ ለሳልና ለግፊት ይጠጣል። ስለ ካንሰር የተባለ ነገር አለ ወይ?

ላብ_ኮት ጻፈ፦

ጦስኝ ዘይቱ በቲሞልና በካርቫክሮል የበለጸገ ነው፤ ካርቫክሮል ከጥቁር አዝሙድም ይገኛል። እነሱም ሳህን ላይ የካንሰር ሴል ይገድላሉ፤ ታሪኩ ከቲሞኪኖን ጋር አንድ ዓይነት ነው። የጦስኝ ዘይት በጀርምና በሻጋታ ላይ ያለው ኃይል ይበልጥ የታመነ ነው። ሻዩን ጠጡ፤ በጠብታ የሚሸጠውን ንጹሕ ዘይት ግን እንዳትውጡ፤ ቲሞል ሲበዛ ጉሮሮና ሆድ ያቃጥላል።

ከተናኝ ዘይቶች ሰው ላይ በደንብ የተሞከረው ፔሪሊል አልኮል ነው። በላቬንደርና በሎሚ ሣር ወገን ተክሎች ዘይት ውስጥ ይገኛል። አይጥ ላይ ውጤቱ ያማረ ስለነበር አሜሪካ ውስጥ በእንክብል ለጡት፣ ለፕሮስቴት፣ ለእንቁልጢና ለአንጀት ካንሰር ታካሚዎች ተሰጠ። በቀን በግራም የሚቆጠር መውሰድ ነበረባቸው፤ ማቅለሽለሹና ድካሙ በዛ፣ ዕጢው ግን እምብዛም አልተበገረም። የብራዚል ሐኪሞች ተስፋ አልቆረጡም፤ ተመልሶ ለመጣ የአንጎል ዕጢ በአፍንጫ እንዲሳብ አድርገው ሞከሩት፤ በዚያ መንገድ ምርመራው እስካሁን አልተተወም። ቲሞኪኖንንም በጥቃቅን የስብ ከረጢት ውስጥ አስገብተው ደም ውስጥ ዕድሜው እንዲረዝም የሚሞክሩ አሉ። እኔ በግሌ የምከታተለው ይህን ነው፤ ተክሉ የሰጠንን ሞለኪል ዕጢው ድረስ የሚያደርስ መንገድ ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል።

ባለ_ሱቅ_ጎንደር ጻፈ፦

ከላይ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩት። አባቴ በሚቀጥለው ወር ለአንጀት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለው። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በየጠዋቱ ይወስዳል፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒትም አለው። ለቀዶ ሕክምናው ችግር አለው? ለማንስ ነው የምናገረው?

ፋርማሲስት_ሐዋሳ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ አዎ፣ ያሳስባል። ዘይቱ ስኳርንም ግፊትንም ዝቅ ያደርጋል፤ ከመድኃኒቶቹ ጋር ሲደረብ ከሚፈለገው በላይ ሊያወርድ ይችላል። የደም መርጋትንም ሊያዘገይ ስለሚችል ቀዶ ሕክምናው ላይ ደም ሊበዛ ይችላል። ከቀጠሮው ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ዘይቱን ያቁም፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒቱን ግን በራሱ እንዳያቆም። ዘይቱን ካቆመ በኋላ ስኳሩ ከፍ ሊል ስለሚችል ጠዋት ጠዋት ለኩለትና ቁጥሩን በወረቀት ያዙ። የምትነግሩት ለቀዶ ሐኪሙም፣ ሰመመን ለሚሰጠውም ነው፤ ሁለቱ ላይነጋገሩ ስለሚችሉ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ንገሯቸው።